የቤት ነው ያሉኝ ገብስ

በእኛ ቤት ማካሮኒ የቀረው በእኔ ትእዛዝ ነው፤ ማንንም አላማከርኩም። ጭነት መኪና ሰቆጣ ካልገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ደንበኛዬ ሱቅ ጎራ ብል ባለሱቁ ባዶ መደርደሪያውን በጨርቅ ይወለውላል። ማካሮኒ የለም፣ ሩዝ የለም፣ የታሸገ ዱቄት የለም። «ታዲያ ምን ልንበላ ነው?» አልኩት፣ የበደለኝ እሱ ይመስል። ጨርቁን ሳያስቀምጥ በአገጩ ወደ ገበያው ጠቆመኝና «ያ ሁሉ እህል ምን ሆነና?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። እህል ተራው ጢም ብሏል። ከደሃና፣ ከሰቆጣ ዙሪያ በአህያ የመጣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ምስር፣ ሽምብራ በየጆንያው ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። እኔ እዚሁ የተወለድኩ፣ ሃያ ዓመት እዚሁ ያስተማርኩ ሴት፣ መኪና ስላልመጣ ብቻ የምበላው አጣሁ ብዬ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አማርራለሁ። በራሴ አፈርኩ፤ ከማፈሬ ደግሞ መናደዴ በለጠ። እኔ ስናደድ ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ የሆነ ነገር ካልቀየርኩ ንዴቴ አይወጣልኝም።

ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። አህያ በአንድ ቀን ተጉዞ ሊያደርሰው የማይችለው ነገር ድስቴ ውስጥ አይገባም አልኩ። ጨውንና ቡናን ብቻ ማርኩ። ጠዋት የገብስ ቅንጬ፣ ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ መክሰስ ቆሎ፣ በስኳር ፈንታ ማር። ወረዳ ቢሮ የሚሠራው ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሳምንት በትዕግሥት አሳለፈ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ለሦስተኛ ቀን በተከታታይ ቅንጬ ሳቀርብለት፣ ሳህኑን አየት አደረገና «ለበቅሎም እኮ አልፎ አልፎ ሣር ይቀየርላታል» አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከወር በኋላ ቅንጬው ሲዘገይበት የሚነጫነጨው እሱ ሆነ።

ችግሩ ገብስ መግዛት አልችልበትም ነበር። ለእኔ ገብስ ሁሉ አንድ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ገለባው ሙጭጭ ብሎ አልለቅ ያለ ነበር፤ ውሃ እያርከፈከፍኩ ስሸከሽከው ውዬ ክንዴ ዛለ። በሚቀጥለው ገበያ ይህንኑ እያማረርኩ ስዞር እህል ተራው ጫፍ ላይ አንድ እናት ሰሙኝ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ከደሃና በኩል ካለው ደጋ በአህያ የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ከጆንያቸው አንድ እፍኝ ዘገኑና መዳፋቸው ላይ አሸት አሸት አድርገው እፍ ሲሉት ገለባው ብን ብሎ ጠፋ፤ ፍሬው ብቻ ቀረ።

«ሰነፍ ቆሎ ነው ስሙ» አሉኝ። «መሸክሸክ አይፈልግም። ሥራ የማትወድ ሴት ትወደዋለች።» ይህን ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሳቄ መጣ። ቤት ስገባ ባለቤቴ የገብሱን ስም ሲሰማ ከእኔ የባሰ ሳቀ፤ ለብዙ ጊዜም መጠሪያዬ አደረገው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛሞች ሆንን። ጠዋት ማልደው ተነሥተው፣ ፀሐይ ከረር ሳትል ይደርሳሉ። እኔ ከክፍል እስክወጣ ድርሻዬን ከሌላ ገዢ ደብቀው ያቆዩልኛል፤ ሰፍረው ሲጨርሱም ምርቃቷን እፍኝ አይረሱም። ስለ ገብሱም ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ሰነፍ ቆሎ ቶሎ ይደርሳል። እኛ አገር ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና ሳይጠገብ ይወጣል፤ ሌላው ገብስ ገና ሳያፈራ ዝናቡ ጥሎት ሲሄድ ይህኛው ተሰብስቦ ጎተራ ገብቷል። «በክፉ ዓመት ያተረፈን እሱ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ጎረቤቶቻቸው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ትልልቅ ዘለላ የሚያወጣ ሌላ ዘር መዝራት ጀምረው ይሄን ትተውታል።

እንግዲህ የእኔን ነገር እናገራለሁ። ቆሎዬን በፕላስቲክ ዕቃ ይዤ መምህራን ማረፊያ ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነው የምገባው። አንድ እፍኝ ቆሎ የሰጠሁት ሰው አንድ ሰዓት ስብከት ሳይሰማ አይለቀቅም። ከሱቅ የምንገዛው ገንዘባችንን ይዞ ከአገር ይወጣል፣ ከገበሬው የምንገዛው እዚሁ ይቀራል፣ እላለሁ ልክ ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ ሁሉ። ሰዎቹ ስብከቱን ቢሸሹም ቆሎውን ወደዱት። የሁዳዴ ጾም ሲጋመስ አራት መምህራን «ለእኛም አስመጪልን» አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንዲት ገበሬን ከአምስት ቤት ጋር አገናኘሁ ብዬ ለባለቤቴ እየደጋገምኩ ነገርኩት።

በሚቀጥለው ገበያ ወደ እናቲቱ እየተጣደፍኩ ሄድኩ። ጆንያቸው ሥሩ ላይ ደርሷል፤ እሱንም ሌላ ሰው እየገዛቸው ነበር።

«እናቴ፣ ሰው አምጥቼልዎታለሁ። ለሚቀጥለው ገበያ ያለዎትን ሁሉ ያምጡልኝ» አልኳቸው።

«አልቋል ልጄ።»

«ምንም የለም?»

«ያለው የቤት ነው» አሉ።

እኛ ከተማ ውስጥ ለአንድ ምግብ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። የቤት ቅቤ፣ የቤት ጠላ፣ የቤት በርበሬ ስንል ያልተቀላቀለ፣ በነጋዴ እጅ ያላለፈ፣ ሰው ለራሱ ብሎ ያዘጋጀው ማለታችን ነው። እኔም ያንን ነው የሰማሁት። «እኔስ የምፈልገው የቤቱን አይደል እንዴ» አልኳቸው እየሳቅኩ። «የቤቱን ያምጡልኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ሊናገር እንደፈለገ ከፈት አለና ተመልሶ ገጠመ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ለመሸጥና ለመግዛት ይበቃል፣ ከዚያ ሲያልፍ ይቸገራሉ። ቋንቋቸው ኽምጥኛ ነው። የእኔ ኽምጥኛ ደግሞ ከሰላምታና ከቁጥር አያልፍም፤ አባቴ አፉን የፈታበት ቋንቋ ቢሆንም እኔ አልተማርኩትም። ምን ማለታቸው እንደሆነ አንዴ ብጠይቅ ይበቃ ነበር። አልጠየቅኩም። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ፣ አህያቸውን እያዩ።

በሳምንቱ ገብሱን አመጡ። እንደ ወትሮው በጆንያ አልነበረም፤ በአሮጌ የፍየል ቆዳ አቅማዳ ነበር፣ አፉ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ። እጄን ሰድጄ ዘገን ባደርግ እጄ አመድ ለብሶ ወጣ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣልቼ ስለመጣሁ ንዴቴ አፌ ላይ ነው። «ምነው እናቴ፣ አመድ ለውሰው ይሸጡልኛል እንዴ?» አልኳቸው ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«ነቀዝ እንዳይነካው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እኛ ነቀዙን ቀድመን እንጨርሰዋለን፤ አያስቡ» አልኩና በቀልዴ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሰፍረው ሲጨርሱ አቅማዳውን ገልብጠው አራገፉት፣ ከመሬት የፈሰሰውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ምርቃት አልጨመሩልኝም። ይህንንም ልብ ብዬ ነበር፤ ደንበኛ ሲለመድ ይናቃል ብዬ ቅር ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የገበሬ ልጅ ልጅ ነኝ። በአቅማዳ ተቋጥሮ አመድ የተነሰነሰበት እህል ምን እንደሆነ የማውቅበት ዕድሜ ላይ ነኝ። አላወቅኩም። ለአራቱ መምህራን ድርሻቸውን አከፋፈልኩ፣ የራሴን አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ግማሹን ቆላሁ፣ ግማሹን በሶ አስፈጨሁ። በዚያ ጾም የበላሁትን ያህል ጣፋጭ ቆሎ በልቼ አላውቅም። እውነቱን መናገር ካለብኝ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ከፋሲካ በኋላ እናቲቱ ከገበያ ጠፉ። አንድ ገበያ፣ ሁለት ገበያ አለፈ። አመም አድርጓቸው ይሆናል ብዬ ከሌላ ገዛሁ። ግንቦት ማለቂያው ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልናቀርብ ስንል ከደጅ ድምፃቸውን ሰማሁ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ አህያም አልያዙም። በእጃቸው ዱላ ብቻ ነበር።

ደስ አለኝ። እጃቸውን አስታጥቤ ምሳ አብረን ቀረብን። ትንሽ ቆረስ ቆረስ አድርገው ተዉት። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ፣ ዝናቡ በእኛ በኩል ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣

«ከዚያ ገብስ... ጥሬው አለ?» አሉኝ።

«ጥሬው? ሁሉንም ቆላነው እናቴ። ቆሎ ልስጥዎት?» ብዬ ዕቃውን አመጣሁና እፍኝ ሙሉ አደረግኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አልበሉትም። መዳፋቸው ላይ ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት።

«የተቆላ አይበቅልም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

አሁን ገባኝ፤ አቅማዳው፣ አመዱ፣ የለቀሟቸው ፍሬዎች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ለከርሞ የሚዘሩትን ዘር ነው አምጥተው የሸጡልኝ።

ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? ተቆጣኋቸው። በእኔ ጥፋት እሳቸውን። «ለምን አልነገሩኝም? ለዘር ነው ቢሉኝ እኔ እነካው ነበር?» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ከጎናችን ተቀምጦ የነበረው ባለቤቴ ነው የመለሰልኝ። «ነግረውሻል» አለ። «የቤት ነው አሉኝ ብለሽ እዚህ ቤት ገብተሽ አልፎከርሽም?»

እናቲቱ አንገታቸውን ደፉ። «ከቤት የማይወጣ ማለቴ ነበር» አሉ። «አንቺ የቤቱን አምጪ ስትይኝ፣ መምህርት ናት፣ የዘር ነገር ታውቃለች፣ ቸግሯት ነው አልኩ። ዓመቱን ሙሉ የገዛሽኝ አንቺ ነሽ። ደንበኛን እምቢ ማለት ከበደኝ።» ሰሃላ ወረዳ ያለ ወንድማቸው ያንኑ ገብስ ይዘራ ነበር፤ ከእሱ ዘር እቀበላለሁ ብለው ነበር ያሰቡት። ሰው ቢልኩበት እሱም አምና ሌላ ዘር ዘርቶ አሮጌውን በልቶ ጨርሶታል። አሁን ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ማሳቸው ታርሶ ይጠብቃል። ሌላውን ገብስ እንደ ጎረቤት ሊዘሩት ይችላሉ፤ ግን ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ እሱ አያፈራም፣ ሰነፍ ቆሎም ከእሳቸው ቤት ጠፋ ማለት ከዚያ ሰፈር ጠፋ ማለት ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ አርሶ አደሩ ስሰብክ የከረምኩት እኔ የአንዲትን አርሶ አደር ዘር ቆርጥሜ በልቻለሁ። ነጠላዬን አነሣሁና «እንሂድ» አልኳቸው።

ወደ አራቱም ቤት ሄድን። የመጀመሪያዋ መምህርት ጨርሳዋለች። ሁለተኛዋ በሶ አስፈጭታዋለች፤ ከዱቄቱ ልቋጥርላችሁ ብላ ለመነችን። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቆሎ አቀረቡልን። በየቤቱ እናቲቱ ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ፤ እኔ ስጠይቅ እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

አራተኛው የኬሚስትሪ መምህራችን ነው፤ ወንደላጤ ነው፣ ምግብ የሚሠራው ሲርበው ብቻ ነው። ገብሱን ጠየቅኩት። ፊቱ ላይ ሐፍረት መጣበት። «አትቆጪኝ እንጂ አልቆላሁትም» አለ። «ዛሬ ነገ እያልኩ...» ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ በፌስታል የተቋጠረ ነገር አወጣ። አመዱ እንዳለ ነበር። እናቲቱ ከኋላዬ ወደ ፊት አለፉ፣ ፌስታሉን ተቀብለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ እፍኝ ዘግነው በጣታቸው እየገለበጡ መረመሩት። አንድም የተበሳ ፍሬ አልነበረውም። ያን ሰውዬ እግሩን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ምን እንደተፈጠረ ስላልገባው ይቅርታ መጠየቁን ቀጠለ።

ሰፈርነው። ሁለት ጣሳ ተኩል ወጣው። ለአንድ ማሳ የሚበቃ አልነበረም። «ጓሮዬ ላይ እዘራዋለሁ» አሉ። «ከዚህ ለአፍ አይወጣም። ዘንድሮም ለዘር፣ ከርሞም ለዘር።» ትልቁ ማሳ ላይ ያንን የጎረቤቶቻቸውን ገብስ ሊዘሩ ነው፤ ዝናቡ ካልበቃ የዓመት ጉርሳቸው እዚያው ይቀራል። እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋቸው። ፌስታሉን በነጠላቸው ደረታቸው ላይ አስረውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ከዋጋ በፊት የምጠይቀው «ለዘር አስቀርተዋል?» ብዬ ነው። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዱማ «እርስዎ ግብርና ቢሮ ገቡ እንዴ?» ብሎኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የገበሬው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሰው አባብዬ አላስመጣም፤ የተገኘውን እንበላለን፣ ያልተገኘው ይቀራል። መምህራን ማረፊያ ውስጥም ዝም ብያለሁ። ባለቤቴ ይህ ዝምታ ከገብሱ በላይ ጠቀመኝ ይላል።

ጳጉሜ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ ላያቸው ሄድኩ። መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ሰፈራቸው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ትልቁን ማሳ ነው፤ ገብሱ እንደ ሣር አረንጓዴ ነው፣ ገና ዘለላ አላወጣም። ሰማዩ ደግሞ ደመና አልነበረበትም። ዝናብ ካቆመ ሳምንት አልፎታል አሉኝ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው።

እናቲቱ አቅፈው ሳሙኝና እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ዙሪያውን እሾህ አጥረውበታል። ከአጥሩ ውስጥ ሰነፍ ቆሎ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ፍሬ ይዟል፣ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ራሱ ከብዶት አጎንብሷል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ጎረቤቶቻቸው እንግዳ መጣ ብለው ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ጓሮውን ሲያዩ ቆዩና ከርሞ ለእኛም ስጪን እያሉ በኽምጥኛ ያወራሉ፤ ይህንን እንኳ ከእጃቸው ምልክት ገባኝ። እናቲቱ እኔን እያሳዩ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አንዲት አሮጊት ቀርበው ትከሻዬን ሳሙኝ። አማርኛ የምትችል አንዲት ወጣት ሴት ከጎኔ ቆማ ነበርና ምን እንዳሉ ጠየቅኳት።

«ዘራችንን ያተረፈችልን መምህርት ይቺ ናት አሉ» አለችኝ።

ይህን ምስጋና ይዤ ወደ ቤቴ ልመለስ አልቻልኩም። «ንገሪያቸው» አልኳት። «ዘሩን የበላሁትም እኔ ነኝ። ይህንንም ንገሪያቸው።»

ወጣቷ ግራ ገብቷት ወደ እናቲቱ አየች። እሳቸው የአጥሩን እሾህ እያስተካከሉ ነበር። ቀና አላሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከወጣቷና ከእኔ በቀር ማንም እንዳይሰማው በአማርኛ፣

«አትንገሪያቸው» አሉ። «የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ይህን አያውቁም።»